ዘይት የቀመሰው ኮምፒውተር

በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚላት። ቅጽል ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። አርባ የስፌት መኪና ባንድ ላይ በሚንጫጫበት አዳራሽ በር ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ሦስተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ ሁለተኛዋ፣ መርፌዋ ጎብጧል» ትላለች። ሄደው ሲያዩ መርፌው ጎብጦ ይገኛል።

መካኒክ ናት። ሌላው መካኒክ መጀመሪያ ክዳን ይፈታል፤ እሷ መጀመሪያ ታዳምጣለች። የካቻቢቴዋን ጫፍ በመኪናዋ ገላ ላይ፣ እጀታውን በጆሮዋ ላይ ታስደግፍና ልብ እንደሚያዳምጥ ሐኪም ትንፋሿን ትይዛለች። ብረት ድምፅ ያሳልፋል፤ ስለዚህ በካቻቢቴው በኩል የሚመጣው ድምፅ ከአዳራሹ ጫጫታ ተለይቶ ጥርት ብሎ ይሰማል። የተጠራጠረ ቤቱ ውስጥ ባለው ማቀዝቀዣ ላይ ይሞክረው፤ ይሠራል።

ሙዚቃ ውስጥ የገባችውም በዚሁ በር ነው። ከዓመታት በፊት የአንዲት መኪና ሕመም አልገኝ ቢላት ድምፁን በስልኳ ቀዳችና፣ ባለቤቷ ከሥራ ባልደረባው በገዛው አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ጭና እያዘገየች ሰማችው። ሕመሙ ተገኘ፤ ውስጥ ካሉት ጥርሶች አንዱ ተሸርፎ ኖሯል። ነገር ግን ድምፁን ልታጠፋው አልቻለችም። የተሸረፈው ጥርስ በየዙሩ የሚያሰማው «ጠክ» እግሯን ያስመታት ጀመር። በላዩ ጠረጴዛውን በጣቷ መታች፤ እሱንም ቀዳችው። በዚያ ላይ አንጎራጎረች። ባለቤቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ያን ቀን ከሥራ ሲመለስ ራት የሚባል ነገር በቤቱ አልነበረም። ምን እንደሆነች ቢጠይቃት «ሙዚቃ ሆኛለሁ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ በቁም ሳጥኑና በመኝታ ቤቱ መስኮት መካከል ያለችው ሁለት ክንድ የማትሞላ ጥግ «ስቱዲዮ» ትባላለች። ማይክሮፎኑ ከልብስ መስቀያ ላይ በድርብ ክር ታስሮ ይንጠለጠላል። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የተወጠረው ከፋብሪካው የተረፈ ወፍራም የካፖርት ጨርቅ ነው። ሹፌሩ ጠዋት ሸሚዙን ለማውጣት በማይክሮፎኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ማለፍን ለምዷል።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። ከሦስት ሳምንት በፊት አርባዎቹ መኪኖች በጭነት መኪና ተጭነው ሄዱና በምትካቸው ድምፅ አልባ አዳዲሶች መጡ። ጆሮ ሊወሰዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው አርባዎቹንም ተራ በተራ ቀድታ ነበር። ያን ሳምንት እትዬ በሥራ ላይ አልነበሩም።

እትዬ የአዳራሹ አለቃ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው በመጪው ዓርብ ጡረታ ይወጣሉ። አለቃ ከመሆናቸው በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንዲት መኪና ላይ ተቀምጠዋል፤ በአሥራ አንደኛዋ። ዓይናቸውን ሊታከሙ ፈቃድ ወጥተው ሲመለሱ ቦታዋ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ወለሉ ላይ የቀሩትን አራት የእግር ምልክቶች አዩ፤ «ደህና ሁኚ እንኳ ሳልላት» አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ጆሮን ጆሮ ያደረጓትም እሳቸው ናቸው። ቁርጥራጭ ጨርቅ እንድትጠርግ የተቀጠረች ልጅ መጥረጊያዋን አቁማ ወደ አንዲት መኪና አንገቷን ስታዘነብል አይተው፣ እንደ ሌላው «ምን ይገትርሻል» አላሏትም። «ምን ሰማሽ?» ነበር ያሏት። ያቺ ጥያቄ የእንጀራዋ መነሻ ናት።

ሰፊዎቹ መሸኛ ሊያዘጋጁላቸው ሲያስቡ እትዬ «በጭብጨባ አታባርሩኝ» ብለው ከለከሉ። ስለዚህ ተንኮል ተሸረበ። ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ ሳይታሰብ፣ ከአርባዎቹ መኪኖች ድምፅ የተሠራ ዘፈን በአዳራሹ ይለቀቃል፤ በአሥራ አንደኛዋ ይጀምራል፤ ሰፊዎቹ በላዩ ያንጎራጉራሉ። ጆሮ ቃል ገባች። ቃል የገባችው እሷ እንጂ ኮምፒውተሯ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዓርብ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ሥራው ለመከፈት አራት ደቂቃ ይፈጃል። ከተከፈተ በኋላ እስከ አሥራ ስድስተኛው ድምፅ ድረስ ይጫወታል፤ አሥራ ሰባተኛው ሲጨመር እንደሚጠበስ ነገር ይንጫጫና ድርቅ ይላል።

ሹፌሩ መፍትሔው ቀላል ነው አለ፤ አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ዶክተር» የሚለው የኮምፒውተር ባለሱቅ ደግሞ በስልክ ሲጠየቅ ግራፊክስ ካርድ ቀይሪ አላት። በእጇ ያለው ገንዘብ አዲስ ኮምፒውተር አይገዛም፤ ከተሳሳተችም ሁለተኛ ዕድል የላትም። ስለዚህ ከመግዛቷ በፊት ሕመሙን ማወቅ ነበረባት። ለባሏ ያስረዳችው መንገድ እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ግልጹ ነውና እንዳለ ላስቀምጠው።

ፕሮሰሰሩ ሰፊዋ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው። ራሙ የሰፊዋ ጠረጴዛ ነው፤ አሁን የሚሰፋው ጨርቅ የሚዘረጋበት። ሃርድ ዲስኩ በኮሪደሩ ጫፍ ያለው መጋዘን ነው። ሰፊዋ የቱንም ያህል እጀ ፈጣን ብትሆን፣ ጠረጴዛዋ ከጠበበ ለእያንዳንዱ ቁራጭ እየተነሳች ወደ መጋዘን ትመላለሳለች። መጋዘኑ ላይ ያለው ሰውዬ ደግሞ አንካሳ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ሙዚቃ ሲሠራ ይህ ይብሳል፤ አርባ ድምፅ በአንድ ቅጽበት፣ አንዱም ሳይዘገይ፣ ጠረጴዛው ላይ መገኘት አለበትና።

«ግራፊክስ ካርዱስ?» አለ ሹፌሩ።

«እሱ የሱቅ መስኮት ላይ የሚቆመው አሻንጉሊት ነው። ልብስ ያሳያል፤ አይሰፋም።»

ከዚያ ለካች። ኮምፒውተሩ የራሱን ድካም በግራፍ የሚያሳይበትን መስኮት ከፍታ አሥራ ሰባቱን ድምፆች አስነሳች። ሰፊዋ ከጉልበቷ ግማሹን እንኳ አልተጠቀመችም። ጠረጴዛው ግን ጢም ብሏል፤ መጋዘኑ መቶ በመቶ ተወጥሯል። ይህን ስታይ ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ሕመሙ ስም አገኘ ማለት ነው። ቢሆንም ግራፍ ብቻ አላመነችም። ኬዙን ከፈተች፤ የካቻቢቴዋን ጫፍ ሃርድ ዲስኩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አሳረፈች። የሚሽከረከር ነገር ለስላሳ ጩኸት ይሰማል፤ ደህና ነው። በመሃሉ ግን «ጠቅ» ይላል፤ ይቆማል፤ ደግሞ «ጠቅ፣ ጠቅ»።

ፊቷ ተለወጠ። «መዘግየት ብቻ አይደለም እኮ» አለች። «እየሞተ ነው።»

አርባዎቹ መኪኖች፣ አሥራ አንደኛዋም ጭምር፣ ያሉት እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። የሌላ ሰው መኪና ስትጠግን ሁለት መለዋወጫ የምትይዝ ሴት የራሷን ቅጂ በአንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጧ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ትዝ ብሏት አያውቅም።

ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በሹፌሩ አውቶቡስ ወሰዱት። ከፊት ወንበር ላይ፣ ቀበቶ ታስሮለት። አንዲት ተሳፋሪ ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀች፤ ጆሮ መጋዘኑ ታሞ ነው ብላ መለሰችላት፤ ሴትየዋ እግዜር ይማረው ብላ ወረደች።

ዶክተር ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ አዳመጣትና ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ኮምፒውተር በጆሮ አይመረመርም።»

«በምን ነው የሚመረመረው?»

«በፕሮግራም።»

«እንግዲያው በፕሮግራም መርምርልኝ። ግን ብዙ አታቆየው፤ ይደክመዋል።»

መረመረው። ፕሮግራሙ አረንጓዴ ጻፈ፣ ቢጫ ጻፈ፣ በመጨረሻ በቀይ ጻፈ። ዶክተር ቀዩን ጽሑፍ ሁለቴ አነበበና ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። ዲስኩ ሊሞት ነው። ቀጥሎ የተናገረው ጭራሽ ስለ ኮምፒውተር አልነበረም፤ ጥግ ላይ ያለውን ማተሚያ እያሳየ ሁለት ወር ሙሉ እንደሚጮህበት ነገራት። ጆሮ ካቻቢቴዋን አሳረፈች፤ ከኋላ በኩል ያለው ወረቀት ሳቢ ጎማ አልቋል አለችው። ከዚያ በኋላ ስለ ግራፊክስ ካርድ የተነሳ ነገር የለም።

ምርጫው ግልጽ ሆነ። አንካሳው መጋዘን በኤስኤስዲ ይተካል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ዕቃው ሁሉ ከሰፊዋ ክንድ ርቀት ላይ እንደተደረደረ ማለት ነው። ጠረጴዛው ደግሞ ሁለተኛ ራም ተጨምሮበት ይሰፋል። ራም እንደ መርፌ ነው፤ ለሁሉ የሚሆን የለም። ጥርሶቹ መሃል ያለችው ጎድጓዳ ከኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ ጋር ካልገጠመች አይገባም፤ በግድ ቢገፉት ይሰበራል። ዶክተር አሮጌውን ነቅሎ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ሲያሳያት ጆሮ ዓይኗ እየበራ ሦስት ጊዜ አነጻጸረችው።

ማስነሻ ሲስተሙንና የሙዚቃ ፕሮግራሟን በአዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ጫነላት። የቀረውን እሱው ጋ ብትተወው ሰኞ ተራዋ ሲደርስ ገጣጥሞ ፋይሎቹን እንደሚገለብጥላት ነገራት። እሷ ግን መካኒክ ናት፤ ራሷ የምትሠራውን ማሽን ለሌላ መካኒክ አትሰጥም። ዶክተር አልተከራከረም፤ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃት።

«ይሄ ዲስክ አንዴ ይነሳልሻል፤ ምናልባት ሁለቴ። ለሦስተኛው እኔ አልምልልሽም።»

እሑድ ጠዋት ብርሃኑ በመስኮቱ ሲገባ ኬዙን አልጋው ላይ በተነጠፈ ንጹህ አንሶላ ላይ አስተኛችው። ውስጡ አቧራ ነው፤ ማራገቢያው ላይ ጢም አብቅሏል። በጆሮ የሥራ ልማድ ደግሞ ያልተጸዳ ማሽን አይነካም። እጇ ሳትጠይቀው ወደ መሣሪያ ሳጥኗ ሄደ፤ ለሃያ ዓመት ስታጸዳበት የኖረችውን ብሩሽ አወጣ። ማራገቢያውን ጠረገች፤ ቦርዱን ጠረገች፤ የራሞቹን ማስገቢያ በጥንቃቄ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር ጠረገች። አዲሱን ራም ከአሮጌው ጎን አስገባች፤ «ቀጭ» ብሎ ገባ፤ ድምፁ አስደሰታት። ኤስኤስዲውን ሰካች። አሮጌው ዲስክም እንደተሰካ ነው። ማብሪያውን ተጫነች።

«ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።» ስክሪኑ ጨለማ ነው።

አጥፍታ ደግማ አበራች። «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።» ከታች ደግሞ አሮጌው ዲስክ እየተነሳ «ጠቅ» ሲል ሰማችው። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ኮምፒውተሩ ባይነሳም ዲስኩ ይነሳል። ሁለት ዕድል ለምንም ሳይሆን ሄደ።

ማስጠንቀቂያ በተሰጣት ማግስት ዲስኩን ሳትነቅል መሞከሯ ስህተት ነበር። ትልቁ ስህተት ግን እሱ አልነበረም። የአሮጌውን ዲስክ ሽቦ ነቀለች፤ ከእንግዲህ ሁሉ ነገር ሳይስተካከል አይሰካም። ከዚያ ስፌት የተበላሸበት ሰው እንደሚያደርገው መተርተር ጀመረች፤ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ አንድ በአንድ፣ በየአንዱ መሃል እየሞከረች።

ኤስኤስዲውን ነቀለች። ጢጥ። አዲሱን ራም አወጣች። ጢጥ። ስለዚህ አዲሱ ዕቃ አይደለም ጥፋተኛው። አሮጌውን ራም ወደ ሌላኛው ማስገቢያ ወሰደች። አሁንም ጢጥ። ትናንት ዶክተር ጋ ሲሠራ የነበረ ነገር ዛሬ እሷ ጋ አልሠራም። በመሃሉ የተደረገው ምንድን ነው? ሁሉንም ቦታ የነካ፣ አሮጌውንም አዲሱንም፣ አንድ ነገር ብቻ አለ።

ጣቷን አሸተተች።

ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጆሮ ብሩሹን አንስታ አሳየችውና ሳቅ እየቀደማት «ዘይት አጠጥቼዋለሁ» አለችው።

ያ ብሩሽ የሚያድረው የስፌት መኪና ዘይት ውስጥ ነው። ለስፌት መኪና ዘይት መድኃኒት ነው፤ የሚንቀሳቀስ ብረት ሁሉ ይወደዋል። የራም ጥርስ ግን አይንቀሳቀስም፤ ሥራው ከማስገቢያው ጋር ገላ ለገላ ተነካክቶ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ነው። ስስ ዘይት ከአቧራ ጋር ተለውሶ በመሃል ሲገባ እንደ መጋረጃ ይጋርዳል። የኮምፒውተር ሰው ቢሆን ይህን ስህተት አይሠራም፤ በእጁ እንዲህ ያለ ብሩሽ የለማ። ይህን ጥፋት ለመሥራት ሃያ ዓመት ጎበዝ መካኒክ መሆን ያስፈልጋል።

የራሞቹን ወርቃማ ጥርሶች በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብላ ፈተገች፤ ላጲሱ ጠቁሮ ጥርሶቹ አበሩ። ማስገቢያዎቹን ለማጠብ ቁስል የሚጸዳበትን አልኮል ከመድኃኒት ሳጥኑ አወጣች፤ ቀጭን ብሩሽም አስፈለገ። ሹፌሩ ያልተከፈተ የጥርስ ብሩሽ እንዳለው ሳያስበው አመነ።

«እሱ የኔ ነው እኮ።»

«ነበር» አለችው።

ታጥቦ ካለቀ በኋላ የሚከብደው ክፍል መጣ፤ መጠበቅ። ሹፌሩ በየአምስት ደቂቃው እንሞክረው ይላል። ጆሮ አልደረቀም ትላለች። ሰዓቷን አይታ አንድ ሰዓት ሙሉ እጇን ጭኗ መሃል አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ሁለቱን ራሞች አስገባች፣ ኤስኤስዲውን ሰካች፣ ተጫነች።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጠር ብሎ፣ «ጢጥ»። ስክሪኑ በራ። ሹፌሩ ጸጥታውን እንዳይረብሽ ይመስል በሹክሹክታ እንኳን ደስ ያለሽ አላት፤ ኮምፒውተሩ ወሬያቸው ሳያልቅ ተነስቶ ይጠብቃቸው ነበር። አራት ደቂቃ የለመደ ሰው አሥራ አምስት ሰከንድ ሲያይ የተታለለ ይመስለዋል።

አሁን አሮጌው ዲስክ ይሰካ። ሁሌ በሥርዓት የምትሄድ ሴት ናት፤ ከአንድ ጀምራ እስከ አርባ መገልበጥ ነበረባት። እጇ ግን አሥራ አንደኛዋን ያዘ። ዲስኩ ተነሳ፤ «ጠቅ» አለ፤ ቆመ። ቀጠለ። አሥራ አንድ ቁጥር ተሻገረች። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቀሪዎቹ በተርታ ተከተሉ። ሠላሳ ስምንተኛዋ ተገልብጣ እንዳለቀች ዲስኩ ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አለና ለዘለዓለሙ ዝም አለ።

ሁለት መኪኖች ቀሩ፤ ሠላሳ ዘጠኝና አርባ። ጆሮ ትንሽ ካሰበች በኋላ፣ አርባኛዋ በዕድሜዋ ሙሉ ቀን ሠርታ ስለማታውቅ መቅረቷ ልማዷ ነው አለች። ዘፈኑ ውስጥም የሁለቱን ቦታ በሌላ ድምፅ አልሞላችውም። ሁለት ምት ባዶ ተወችላቸው፤ እንዲያውም ከዘፈኑ ሁሉ እግር የሚያስነሳው እዚያ ቦታ ሆነ።

የሚቀጥሉት አራት ቀናት እንዴት እንዳለፉ ሹፌሩን ጠይቁት። ሠላሳ ስምንቱም ድምፆች ባንድ ላይ ሲጫወቱ አንዲት እንኳ አልተንጫጫችም። ሌላም ነገር ተገኘ። ድሮ ማይክሮፎኑ ላይ ስታንጎራጉር ድምፅዋ በጆሮ ማዳመጫው የሚደርሳት ዘግይቶ ነበር፤ ኮምፒውተሩ እንዳይንጫጫ ብላ ድምፁን እያጠራቀመ እንዲልክ አድርጋው ስለነበር ነው። አሁን የሚጠራቀመውን ቀነሰችው፤ አፏና ጆሮዋ ተገናኙ። ረቡዕ ከሥራ በኋላ ስድስት ሰፊዎች መኝታ ቤቷ ገብተው፣ አራቱ አልጋው ላይ ሁለቱ ቁም ሳጥኑ ሥር ተደርድረው፣ አንጎራጎሩ። አንዷ ጫማዋን የማውለቅ ትእዛዝ ለድምፅ ጥራት ነው ወይስ ለአልጋው ልብስ ብላ ጠየቀች። ለሁለቱም ተባለች።

ዓርብ ኮምፒውተሩ ዳግመኛ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ተጓዘ። ሹፌሩ ዘፈኑን በፍላሽ መውሰድ አይበቃም ወይ ሲላት፣ እትዬን አታውቃቸውም፣ ጥያቄ ያነሳሉ አለችው።

በምሳ ሰዓት እትዬ ቁልፋቸውን ሊያስረክቡ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ማንም አላጨበጨበም። አንዲት የስፌት መኪና ብቻ መስፋት ጀመረች። እትዬ ቆሙ። በአዳራሹ ከተደረደሩት ዝምተኛ መኪኖች አንዷም አልተንቀሳቀሰችም፤ ድምፁ የመጣው ከስፒከሮቹ ነው። ሁለተኛዋ ገባች፣ አምስተኛዋ፣ አሥራ ሰባተኛዋ፣ ሠላሳ ስምንቱም። ሰፊዎቹ በየወንበራቸው ሆነው ከራሳቸው ድምፅ ጋር አብረው አንጎራጎሩ። እትዬ ጣታቸውን በአየር ላይ አንስተው፣ ቁልፉ ከጣታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አንገታቸውን አዘነበሉ።

ዘፈኑ አለቀ።

«የመጀመሪያዋ አሥራ አንደኛዋ ናት» አሉ እትዬ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ዘይት ጠምቷታል። ማነው ሳይቀባት የቀዳት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉ ይበልጥ ሆዷን ይዛ የሳቀችው ጆሮ ናት። ያን ቀን አርባ መኪና ለመቅዳት ስትጣደፍ አሥራ አንደኛዋን ሳትቀባ ዘልላት ነበር፤ ዘይቱን በኋላ ለማን እንዳጠጣችው ለእትዬ ልትነግራቸው ብትሞክርም ሳቁ አላስጨረሳትም።

እትዬ ግን አልሳቁም። አዲስ ወንበር ስበው ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ሌሎቹ ዝም ይበሉልኝ» አሉ። «እሷን ብቻዋን አሰሚኝ።»

ጆሮ አንዴ ተጫነች። ሠላሳ ሰባቱ ወዲያው ዝም አሉ፤ አሥራ አንደኛዋ ግን ምት ሳታጓድል መስፋቷን ቀጠለች። እትዬም ቀኝ እግራቸውን ወለሉ ላይ፣ ፔዳሉ በነበረበት ቦታ አሳርፈው፣ አብረዋት መርገጥ ጀመሩ።